ጥሪው ያልደረሰው ሰው በአላህ ፊት ምን ይጠየቃል?

ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በሶሐቦቻቸውና ፈለጋቸውን በተከተሉ ሁሉ ላይ ይሁን።



በየመድረሳው፣ በየዩኒቨርሲቲው ግቢና በየመሥሪያ ቤቱ የሻይ ሰዓት ደጋግሞ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ። ነቢይ ባልደረሰበት፣ መጽሐፍ ባልተነበበበት ሩቅ አገር ተወልዶ እዚያው የሞተ ሰው መጨረሻው ምንድን ነው? ምርጫው ሳይቀርብለት ይቀጣልን? የማይቀጣ ከሆነስ ነቢያት መላካቸው ለምን አስፈለገ?

ጥያቄውን አንዳንዱ ለክርክር ማሸነፊያ ያነሳዋል። አንዳንዱ ግን ከልቡ ተጨንቆ ይጠይቃል። በአገራችን በተለይም እንደ ወሎ ባሉ አካባቢዎች በአንድ የዘር ሐረግ ውስጥ ሙስሊምም ክርስቲያንም ያለበት ቤተሰብ ብዙ ነው። ለእንዲህ ያለው ቤተሰብ ልጅ ጥያቄው ስለ ሩቅ ደሴት ነዋሪ ብቻ አይደለም፤ እጁን ይዛ ስላሳደገችው አያቱም ነው። ስለዚህ መልሱ በችኮላ የሚወረወር መሆን የለበትም። ቁርአን ምን ይላል? ዑለማእ እንዴት ተረዱት? ከእኛስ ምን ይጠበቃል? እነዚህን በየተራ እንመልከት።

ጥያቄው በአውሮፓ ምድር

ይህ ጥያቄ ከሁሉ በላይ ያስጨነቀው የአውሮፓን ክርስቲያን ሊቃውንት ነው። ምክንያቱም ከቤተ ክርስቲያን ውጪ መዳን የለም የሚለው አስተምህሮ ገና በሦስተኛው ክፍለ ዘመን በካርቴጁ ጳጳስ በቆጵርያኖስ ዘመን ሥር ሰዶ ነበር። በአምስተኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ ጰላግዮስ የተባለው መነኩሴ ሰው በገዛ ፈቃዱ መልካሙን ለመምረጥ ይችላል ብሎ ሲያስተምር፣ አውግስጢኖስ የሰው ፈቃድ ከአደም በወረሰው ኃጢአት ቆስሏልና ያለ ልዩ ጸጋ አይችልም ሲል ተቃወመው። እ.ኤ.አ. በ418 በካርቴጅ የተሰበሰበው ጉባኤም የጰላግዮስን ትምህርት አወገዘ። ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ከባድ ነበር። ሰው ሁሉ ከውልደቱ ጀምሮ በደለኛ ከሆነ፣ ሳይጠመቅ የሞተ ጨቅላ ሕፃን ምን ይሆናል? ስሙን እንኳ ሳይሰማ የሞተ ሰውስ?

ጥያቄው በመጽሐፍ ገጽ ላይ ብቻ አልቀረም። ኮሎምቦስ እ.ኤ.አ. በ1492 ውቅያኖሱን ከተሻገረ በኋላ ስለ ክርስትና አንዲት ቃል ያልሰሙ ብዙ ሕዝቦች ተገኙ። የስፔን መንግሥት በ1513 አንድ የአዋጅ ጽሑፍ አዘጋጀ። አዋጁ የአገሬው ሕዝብ ለቤተ ክርስቲያንና ለስፔን ነገሥታት እንዲገዛ ይጠይቃል፤ እምቢ ካለ ግን ጦር እንደሚዘምትበት፣ ሰዎቹ ባሪያ እንደሚደረጉ፣ ለሚደርሰውም ጥፋት ጥፋተኞቹ ራሳቸው እንደሆኑ ይገልጻል። ይህ አዋጅ ስፓኒሽ ለማያውቁ ሰዎች በስፓኒሽ ይነበብ ነበር። ነዋሪዎቹ ሸሽተው ባዶ በቀረ መንደር የተነበበበትም ጊዜ አለ። ወረቀቱ ተነቧል፤ ሰሚ ግን አልነበረም። ሆኖም ጥሪው ደርሷል ተብሎ ተቆጠረ።

በኩባ ደሴት ሐቱዌይ የተባለ የአገሬው አለቃ በ1512 በስፔን ወታደሮች እጅ ወድቆ በእሳት እንዲቃጠል ተፈረደበት። የዘመኑን ግፍ መዝግቦ ያለፈው ላስ ካሳስ የተባለው ቄስ እንደጻፈው፣ ሐቱዌይ ከእንጨቱ ጋር ታስሮ ሳለ አንድ መነኩሴ ቀርቦ ቢያምን ገነት እንደሚገባ ነገረው። ሐቱዌይ ስፔናውያን ወደዚያ ይሄዱ እንደሆነ ጠየቀ። ደጎቹ ይሄዳሉ ተባለ። እንዲያ ከሆነ እነሱ ካሉበት ወደዚያኛው መሄድን እመርጣለሁ ብሎ ሞተ።

እንግዲህ እንጠይቅ። ይህ ሰው ሰምቷልን? በጆሮው አንድ ነገር ገብቷል። ነገር ግን የሰማው ጥሪ ከእሳትና ከሰንሰለት ጋር ተቀላቅሎ ነው የመጣው። ይህን ልዩነት ከራሳቸው ከስፔናውያን መካከል ያስተዋለ ሊቅ ነበር። በሳላማንካ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ቪቶሪያ በ1539 ባቀረበው ትምህርት፣ እነዚህ ሕዝቦች ከመስማታቸው በፊት ባለማመናቸው እንደማይወቀሱ፣ ያለ በቂ ማስረጃ በመነገሩ ብቻም ለማመን እንደማይገደዱ፣ ይልቁንም ወደ ጆሮው የሚደርሰው የወራሪዎቹ ነውርና ግፍ እንደሆነ ተናገረ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ቆይቶ፣ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በኅዳር 1964 (እ.ኤ.አ.) ባጸደቀችው ሰነድ፣ ያለ ጥፋታቸው ወንጌልን ያላወቁ ነገር ግን በቅን ልብ አምላክን የሚፈልጉ ሰዎች ሊድኑ እንደሚችሉ ገለጸች። ሳይጠመቁ ስለሞቱ ሕፃናት ደግሞ የቫቲካን የነገረ መለኮት ኮሚሽን በ2007 ይድናሉ ብሎ ተስፋ ለማድረግ በቂ ምክንያት መኖሩን ጻፈ። ይህን የምናነሳው ለመዝለፍ አይደለም። የሰው ልጅ ሕሊና ሳይሰማ የተቀጣን ሰው አይቶ ዝም ለማለት እንደሚቸገር ያሳያልና ነው። ይህ ሕሊና ከየት መጣ? ለእኛ መልሱ ፊጥራ ነው።

ምርጫ ከሌለ ተጠያቂነት የለም

በሙስሊሙ ዓለምም ስለ ሰው ምርጫ የተነሳው ክርክር ቀላል አልነበረም። በመጀመሪያው የሂጅራ ክፍለ ዘመን በበስራ መዕበድ አል-ጁሀኒ የተባለ ሰው ቀደር የሚባል ነገር የለም፣ ነገር ሁሉ ገና እንደ አዲስ የሚሆን ነው የሚል ቃል አሰማ። ወሬው መዲና ሲደርስ የዑመር ልጅ ዐብዱላህ (ረ.ዐ.) ከዚህ አባባል ጋር ግንኙነት እንደሌላቸው መናገራቸው በሶሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል። በሌላው ጫፍ ደግሞ በ128 ዓመተ ሂጅራ የተገደለው ጀህም ኢብን ሶፍዋን ሰው እንደ ላባ በነፋስ የሚነዳ እንጂ የራሱ ምርጫ የለውም ወደሚለው አዘነበለ። የመጀመሪያው የአላህን ሥልጣን አጎደለ፤ ሁለተኛው የአላህን ፍትሕ አጎደለ።

የአህለ ሱና መንገድ በሁለቱ መካከል ነው። ሁሉም ነገር በአላህ ዕውቀትና ፈቃድ ውስጥ ነው። ሰው ደግሞ እውነተኛ ምርጫ ተሰጥቶታል፤ የሚጠየቀውም በዚያው ምርጫው ነው። በሱረቱል ከህፍ 29ኛው አንቀጽ ላይ እውነቱ ከጌታ እንደመጣ ከተነገረ በኋላ የሻ እንዲያምን፣ የሻ እንዲክድ ለሰው ተትቶለታል። በሱረቱል ኢንሳን 3ኛው አንቀጽ መንገዱ እንደተመራ፣ አመስጋኝ ወይም ከሐዲ መሆን የሰው ድርሻ እንደሆነ ተገልጿል። በሃይማኖት ማስገደድ አለመኖሩም በሱረቱል በቀራ 256 የታወቀ ነው።

ይህን ነገር ከዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) የበለጠ ያቀለለው የለም። ወደ ሻም በመጓዝ ላይ ሳሉ ሰርግ በተባለ ቦታ ላይ በሻም ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙ። ከተመካከሩ በኋላ ሰዉን ይዘው ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ከአላህ ቀደር ሽሽት ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ዑመርም ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር ነው የምንሸሸው ካሉ በኋላ አንድ ምሳሌ አቀረቡ። ግመሎችህን ይዘህ ወደ አንድ ሸለቆ ብትወርድ፣ አንደኛው ወገኑ ለምለም ሌላኛው ደረቅ ቢሆን፣ በለምለሙ ብታሰማራ በአላህ ቀደር ነው፤ በደረቁ ብታሰማራም በአላህ ቀደር ነው። እረኛው ግን ለምለሙን ትቶ በደረቁ ቢያሰማራ ይወቀሳል። ምርጫው የእሱ ነውና።

እኛ ግን ብዙ ጊዜ ቀደርን የምናነሳው በሚመቸን በኩል ነው። ሲሳይ የተጻፈ ነው የሚለው ነጋዴ ገና ሳይነጋ ሱቁን ይከፍታል። ዕቃው የተሰረቀበት ሰው የተጻፈ ነው ብሎ ሌባውን አይለቅም። ሰላት ላይ ሲደርስ ግን አላህ ሲለኝ እጀምራለሁ ይላል። የመካ ሙሽሪኮችም አላህ ቢሻ ኖሮ ባላጋራን ነበር ብለው ተሟግተው ነበር፤ ቁርአን በሱረቱል አንዓም 148 ይህን ሙግታቸውን ውድቅ አድርጎታል።

እንግዲህ ተጠያቂነት በምርጫ ላይ የቆመ ከሆነ፣ ምርጫ ደግሞ በማወቅ ላይ የቆመ ነው። ሰው ያልቀረበለትን አይቀበልም፣ አይገፋምም። የዛሬው ጥያቄያችን እዚህ ላይ ነው የሚመጣው።

መልእክተኛ ሳይላክ ቅጣት የለም

ቁርአን በዚህ ላይ የሰጠው መርሕ ግልጽ ነው። በሱረቱል ኢስራእ 15ኛው አንቀጽ ሁለት ነገር በአንድነት ተነግሯል። አንደኛው፣ ማንም የሌላውን ሸክም እንደማይሸከም ነው። ሁለተኛው፣ አላህ መልእክተኛ ሳይልክ የማይቀጣ መሆኑ ነው። ሁለቱ በአንድ አንቀጽ መገናኘታቸው ያስተምረናል። ሰው በአባቱ ጥፋት እንደማይያዝ ሁሉ ባልደረሰው ትእዛዝም አይያዝም።

በሱረቱ ኒሳእ 165 ደግሞ መልእክተኞች የተላኩት ሰዎች በአላህ ላይ ማስረጃ እንዳይኖራቸው መሆኑ ተገልጿል። ልብ በሉ! የሰማያትና የምድር ባለቤት ባሪያው ምክንያት እንዳይኖረው አስቦ መልእክተኛ ይልካል። በቡኻሪና በሙስሊም በተዘገበ ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከአላህ ይበልጥ ለባሪያው ምክንያት መስጠትን የሚወድ እንደሌለ፣ አብሳሪና አስጠንቃቂ ነቢያትን የላከውም በዚሁ ምክንያት እንደሆነ ነግረውናል። በሱረቱል ሙልክም የጀሀነም ዘበኞች ወደ እሳት የሚጣሉትን አስጠንቃቂ አልመጣችሁምን ብለው ይጠይቃሉ፤ እነሱም መጥቶልን ነበር ብለው ያምናሉ። በዚያ በር የሚገባ ሁሉ አልሰማሁም የሚል ቃል የለውም።

በሌላ በኩል ቁርአን አስጠንቃቂ ያላለፈበት ሕዝብ እንደሌለ በሱረቱ ፋጢር 24 ይነግረናል። በሱረቱ ጋፊር 78 ደግሞ ታሪካቸው ያልተተረከልን መልእክተኞች እንዳሉ ተገልጿል። ስለዚህ አንድን ሕዝብ አይተን ነቢይ አልተላከለትም ለማለት መብት የለንም። ይሁን እንጂ በነቢያት መካከል ረጅም ዘመን ያልፋል፣ መልእክት ይደበዝዛል፣ ይጠፋል። በእንዲህ ያለው ዘመን የኖሩትን ዑለማእ "አህለል ፈትራ" ይሏቸዋል።

በአደም ኃጢአትም ቢሆን ማንም በዕዳ አይወለድም። አደም (ዐ.ሰ.) ተጸጸቱ፣ ጌታቸውም ተቀበላቸው፤ ጉዳዩ እዚያ ተዘጋ። ሕፃን ሁሉ በፊጥራ ላይ እንደሚወለድ በቡኻሪና በሙስሊም ሐዲስ ተረጋግጧል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በሕልማቸው ኢብራሂምን (ዐ.ሰ.) በአንድ አትክልት ሥፍራ በሕፃናት ተከበው እንዳዩ፣ የሙሽሪኮች ልጆችም ከእነዚያ ሕፃናት ውስጥ እንዳሉ መናገራቸውን ቡኻሪ ዘግበዋል። ልጇ በሕፃንነቱ የሞተባት እናት፣ ሃይማኖቷ ምንም ይሁን፣ ስለ ልጇ ይህን ብትሰማ ምን ይሰማት ይሆን?

የዑለማእ ማብራሪያ

በ505 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1111) ያረፉት ኢማም አል-ገዛሊ "ፈይሰል አት-ተፍሪቃ" በተሰኘው መጽሐፋቸው በዘመናቸው የነበሩትን የሩም ክርስቲያኖችና ገና ያልሰለሙትን ቱርኮች አንስተው በሦስት ከፍለዋቸዋል።

የመጀመሪያዎቹ የነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ስም ጭራሽ ያልደረሳቸው ናቸው፤ እነዚህ ምክንያት አላቸው። ሁለተኛዎቹ ስማቸውንና ባሕርያቸውን፣ የተገለጠላቸውንም ተአምር ያወቁ፣ ከሙስሊሞች ጋር ጎረቤት ሆነው የኖሩ ናቸው፤ እነዚህ አውቀው የገፉ በመሆናቸው ምክንያት የላቸውም። ሦስተኛዎቹ በመካከል ያሉ ናቸው። ስማቸውን ሰምተዋል፤ ነገር ግን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የተነገራቸው ነቢይ ነኝ ብሎ ያታለለ ሐሰተኛ ሰው ተነሳ የሚል ነው። ኢማሙ እነዚህን ከመጀመሪያዎቹ ጋር ቆጥረዋቸዋል። ምክንያቱም የተጣመመ ወሬ ሰውን እንዲመረምር አያነሳሳውም። በትክክል ሰምቶ እውነቱን በመፈለግ ላይ ሳለ ሞት የቀደመውንም የአላህ ምሕረት ይመለከተዋል ብለዋል።

በሶሒሕ ሙስሊም የተዘገበው ሐዲስም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከዚህ ሕዝብ አይሁድም ሆነ ክርስቲያን ስለ እርሳቸው ሰምቶ፣ በተላኩበት ሳያምን ቢሞት ከእሳት ሰዎች እንደሚሆን አስጠንቅቀዋል። ማስጠንቀቂያው ከባድ ነው። የተንጠለጠለው ግን በመስማት ላይ ነው።

በአእምሮ ብቻ ስለሚታወቀው ነገር ዑለማእ ተለያይተዋል። አሽዐሪዮች ሸሪዓ ሳይደርስ ግዴታ የለም ብለዋል። ከማቱሪዲዮች ብዙዎቹ ደግሞ ሰማይና ምድርን የሚያይ ጤነኛ አእምሮ ቢያንስ ፈጣሪ መኖሩን ለማወቅ ይበቃል፣ ስለዚህ በዚያ ልክ ይጠየቃል ወደሚለው ሄደዋል።

ሁለቱም ወገን ማስረጃ አለው። በአንድ ዘመን በአንዲት መካ የኖሩ ሰዎችን ስንመለከት ይህ ይገለጥልናል። ከነቢይነት በፊት የኖሩት ዘይድ ኢብን ዐምር ኢብን ኑፈይል መጽሐፍ አልወረደላቸውም፣ ነቢይም አላስተማራቸውም። ሆኖም ለጣዖት የታረደ አልበላም አሉ፤ የኢብራሂምን ሃይማኖት ፍለጋ እስከ ሻም ተጓዙ። ሴት ልጁን በሕይወቷ ሊቀብር የተነሳ አባት ሲያዩ አትግደላት፣ ቀለቧን እኔ እችላለሁ ብለው ይወስዷት ነበር። ጌታቸውን በየትኛው አምልኮ እንደሚያስደስቱት ባለማወቃቸው እየተጨነቁ ይሰግዱ ነበር። ነቢይነት ሳይመጣ ሞቱ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) በቂያማ ቀን ብቻቸውን እንደ አንድ ሕዝብ ሆነው እንደሚቀሰቀሱ ተናግረውላቸዋል። ከእሳቸው አስቀድሞ በዚያችው መካ የነበረው ዐምር ኢብን ሉሐይ ግን የኢብራሂምን መንገድ ቀይሮ ጣዖት በማስገባቱ በእሳት ውስጥ መታየቱ በሶሒሕ ሐዲስ ተዘግቧል። ኢማም አን-ነወዊ በዘመነ ጃሂሊያ በጣዖት አምልኮ ላይ ስለሞቱት ሲያብራሩ የኢብራሂም ጥሪ ደርሷቸው እንደነበር ገልጸዋል። ስለዚህ አንድ ዘመን "የፈትራ ዘመን" መባሉ ሁሉንም በአንድ ላይ አይፈርድም፣ በአንድ ላይም አያወጣም። እያንዳንዱ በደረሰው ልክ ነው።

ታዲያ በእውነት ምንም ያልደረሰው ሰው በቂያማ ቀን ምን ይሆናል? በሙስነድ አሕመድ ከአስወድ ኢብን ሰሪዕ የተዘገበ ሐዲስ አለ። አራት ሰዎች በዚያ ቀን ይሟገታሉ፦ ምንም የማይሰማ ደንቆሮ፣ አእምሮው ያልተሟላለት፣ በእርጅና አእምሮውን የሳተ ሽማግሌና በፈትራ ዘመን የሞተ። እያንዳንዳቸው ምክንያታቸውን ያቀርባሉ፤ ከዚያም እዚያው በትእዛዝ ይፈተናሉ። የታዘዘ ይድናል፣ ያመጸ ይያዛል። ኢብን ዐብዲል በር የወዲያኛው ዓለም የዋጋ እንጂ የፈተና ቦታ አይደለም ብለው ይህን አልተቀበሉም። ኢብን ተይሚያ፣ ኢብኑል ቀይምና ኢብን ከሢር ግን ደግፈውታል። በቂያማ አደባባይ ላይም የሱጁድ ትእዛዝ እንደሚኖር ቁርአን ራሱ ጠቅሷል ሲሉ ኢብን ከሢር መልሰዋል። በዚህ አስተያየት መሠረት ምርጫውን በዱንያ ያላገኘ ሰው እዚያ ያገኘዋል። ሳይጠየቅ የሚፈረድበት ማንም የለም።

ከዚህ የማይከተሉ ነገሮች

ይህን የሰማ ሰው ሦስት የተሳሳተ መደምደሚያ ላይ ሊደርስ ይችላል።

የመጀመሪያው፣ እንግዲያውስ ሁሉም ሃይማኖት አንድ ነው የሚለው ነው። አይደለም። ያልደረሰው ሰው ምክንያት ያገኘው አለማወቁ እውነት ስለሆነ አይደለም፤ እውነቱ ስላልደረሰው ነው። የደረሰው ሰው ይህ ምክንያት የለውም። ላለመስማት ጆሮውን የደፈነም እንዳልሰማ አይቆጠርም። ሊያነብ እየቻለ ያላነበበ፣ ሊጠይቅ እየቻለ እንዳልሰማ ያለፈ፣ ቸልተኝነቱ ራሱ ምርጫ ነው።

ሁለተኛው፣ እንግዲያውስ ባንነግራቸው ይሻላቸዋል የሚለው ነው። ይህ ብልህ የሚመስል ግን የከፋ አስተሳሰብ ነው። ከኮረብታው በስተጀርባ ምንጭ መኖሩን ያላወቀ ሰው በመጠማቱ አይወቀስም፤ ጥሙ ግን ጥም ነው። ምንጩን እያወቀ ዝም ያለ ጎረቤት ነው የሚወቀሰው። የአላህ መልእክት ክስ ብቻ ሳይሆን ብርሃንና ሕይወትም ነው። ደግሞም ዛሬ ስሙ ያልደረሰበት ቦታ ጥቂት ነው። እኛ ዝም ብንል ወሬው ዝም አይልም፤ ቦታውን የተጣመመው ወሬ ይይዘዋል።

ሦስተኛው፣ በሞተ ሰው ላይ ፈራጅ መሆን ነው። እገሌ ጀነት ነው፣ እገሌ ጀሀነም ነው ማለት የእኛ ሥራ አይደለም። ፊርዐውን ሙሳን (ዐ.ሰ.) በክርክር ሊያጠምዳቸው ሽቶ ቀድሞ ያለፉት ትውልዶች ነገርስ ብሎ ጠይቋቸው ነበር። ሙሳ በሱረቱ ጣሃ 52 እንደተነገረው፣ የእነሱ ነገር በጌታዬ ዘንድ በመጽሐፍ ተይዟል፣ ጌታዬም አይሳሳትም፣ አይረሳምም በሚል መልስ ዘጉት። የሚያስጨንቀን ዘመድ ያለን ሁሉ ይህን መልስ እንያዝ። ምን እንደሰማች፣ ምን እንደገባት፣ በመጨረሻዋ ሰዓት በልቧ ውስጥ ምን እንደነበረ የሚያውቀው ከእኛ ይልቅ የሚራራላት ጌታ ነው። በሸሪዓ የተሰጠን የዚህ ዓለም ደንብ እንደተጠበቀ ሆኖ የመጨረሻው ፍርድ ለባለቤቱ ይተው።

እኛስ ከየትኞቹ ነን?

ውድ አንባቢያን፣ የዚህ ርዕስ ከባዱ ክፍል ስለ ሩቅ ሰዎች የሚናገረው አይደለም። ኢማም አል-ገዛሊ ሦስተኛ ባሏቸው ሰዎች ጉዳይ እኛም ተጠያቂ ልንሆን እንችላለን። ለእነዚያ ሰዎች የተጣመመውን ወሬ ማን አደረሳቸው? በዚያ ዘመን ጠላት ነበር እንበል። ዛሬስ?

ሁለት ጥሪዎችን እናስተያይ። አንደኛው በ1513 ለአሜሪካ ሕዝቦች የተጻፈው አዋጅ ነው፤ በማይገባ ቋንቋ፣ ከሰይፍ ጋር። ሁለተኛው ከዚያ ዘጠኝ መቶ ዓመት ገደማ አስቀድሞ በአገራችን የተሰማው ነው። ጀዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) በነጃሺ ፊት ሲቆሙ ሰይፍ አልያዙም፤ ስደተኛ ነበሩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እውነት መናገርን፣ አደራ መመለስን፣ ዝምድና መቀጠልን፣ ለጎረቤት መልካም መሆንን እንዳስተማሯቸው ገለጹ። ከዚያም ንጉሡ የሚያውቁትን የመርየምን ታሪክ ከቁርአን ቀሩላቸው። ነጃሺ የከሳሾቹንም የተከሳሾቹንም ቃል አዳመጡ፣ መረመሩ፣ መረጡ። በ9ኛው ዓመተ ሂጅራ ሲያርፉም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመዲና ሆነው የጀናዛ ሰላት ሰገዱባቸው። ኢብን ተይሚያ እንዳስገነዘቡት ነጃሺ በቤተ መንግሥታቸው ሸሪዓን በሙሉ ለመተግበር አልቻሉም ነበር፤ አላህ ግን ከሚችሉት በላይ አልጠየቃቸውም። ሐቱዌይና ነጃሺ ሁለቱም ስለ አምላክ ተነግሯቸዋል። የተለያዩት ተናጋሪዎቹ ናቸው።

እንግዲህ ራሳችንን እንጠይቅ። ከሱቃችን በር ላይ ዕቃ የሚገዛው ክርስቲያን ጎረቤታችን ስለ እስልምና የሚያውቀው ከሚዛናችን ነው። ሚዛኑ ከጎደለ የደረሰው ምንድን ነው? አብሮን በአንድ ቢሮ የሚሠራው ሰው ስለ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የሚያውቀው ከዜና ማሰራጫ ላይ የፈንጂ ወሬ ሲሰማና ከእኛ ደግሞ ስድብ ሲሰማ ብቻ ከሆነ፣ በቂያማ ቀን አልደረሰኝም ቢል ምን እንላለን? የቁርአን የአማርኛ ትርጉም ከታተመ ከ1961 ዓ.ም. ወዲህ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አልፏል። ከመደርደሪያችን አውርደን ለጠየቀን ሰው ያዋስን ስንቶቻችን ነን?

ሩቅ ሳንሄድም በሐዲሱ ከተጠቀሱት አራት ሰዎች ሦስቱ በመንደራችን አሉ። መስማት የተሳናቸው ወንድሞችና እህቶች ጁሙዓ መጥተው ይቀመጣሉ፤ ኹጥባው በምልክት ቋንቋ የሚተረጎምላቸው በየትኛው መስጊዳችን ነው? የአእምሮ ውስንነት ያለባቸው ልጆች በመድረሳችን ቦታ አላቸውን? ዕድሜ የተጫናቸው አባቶቻችን ገና አእምሯቸው ሳለ አጠገባቸው ተቀምጦ በሚገባቸው ቋንቋ የሚያስረዳቸው አለን? አላህ የእነሱን ምክንያት ይቀበላል። የእኛን ምክንያት ስለ መቀበሉ ግን የተሰጠን ቃል የለም። እኛ ሰምተናልና።

ስለዚህ ወንድሜ ሆይ፣ እህቴ ሆይ! ያልደረሰው ሰው ነገር ያሳስብህ፣ ያሳስብሽ። ነገር ግን የእሱን ፍርድ ለፍትሐዊው ጌታ ትተን የደረሰን እኛ ምን እንዳደረግንበት እናስብ። መምረጥ የምንችለው እስትንፋሳችን እስካለ ድረስ ነው። የምናደርሰውም በምላሳችን ከሆነ በለዘበ ቃል፣ በሥራችን ከሆነ በቀና ሚዛን ይሁን።

አላህ ሆይ! እውነቱን እውነት አድርገህ አሳየንና እንድንከተለው አድርገን። ለባሮችህ የብርሃንህ መጋረጃ አታድርገን። ያላወቁትን በእዝነትህ፣ ያወቅነውን በይቅርታህ ተቀበለን። አሚን!

ወላሁ አዕለም።